መቶ አሥራ ስምንት የሻይ ሰዓት ጣፋጮች

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ከቅርብም ከሩቅም ሥራችሁን አቋርጣችሁ እኅቴን ለመሸኘት የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሁሉ፤ ይህን ጽሑፍ የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «አንቺ» እያልኩ የኖርኩትን ሰው ዛሬ በእናንተ ፊት «እርሳቸው» ማለት ምላሴን ቢያስቸግረውም፣ ወጉ ስለሆነ እንደ ወጉ አነባለሁ፤ አንዳንድ ቦታ ብሳሳት ግን ከሁላችሁም ቀድመው የሚስቁብኝ እርሳቸው እንደነበሩ ዕወቁልኝ። ስለዚህ ጽሑፍ የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው። «ደግ ነበረች፣ ሩኅሩኅ ነበረች እያልክ ሰው አታሰልች፤ የሠራሁትን ተናገር» ብለውኛል።

እኅቴ ከእንጨት ሠሪው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን ከዛሬ ስድሳ ስድስት ዓመት በፊት፣ ከመንገድ ዳር በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ተወለዱ። በአንደኛው ክፍል የመጋዝ ብናኝ፣ በሌላኛው የጨርቅ ቁራጭ ሞልቶ ስለነበር፣ የቤቱ ልጅ የሚጫወትበት ዕቃ ቸግሮት አያውቅም። እኔ በአራተኛው ዓመት ስከተላቸው ቤቱንም ሠፈሩንም በእጃቸው አስገብተው ጠበቁኝ። በሰባት ዓመታቸው ከአባታችን ወንበር መሥራት ተምረው፣ ሦስተኛው እግር ላይ ሲደርሱ ስለሰለቻቸው ተዉት፤ ያም ወንበር ግድግዳ እንደተደገፈ ሃያ ዓመት አገለገለን። ከእናታችንም ቀሚስ መስፋት ጀምረው፣ ከአንገት እስከ ወገብ ያለውን አሳምረው ከሰፉ በኋላ፣ ከወገብ በታች ያለውን ለእናታችን ተዉላቸው።

በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ፤ በተለይ በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ የጽሕፈት መኪና ትምህርት ገብተው የግራ እጃቸው ሲፈጥን፣ የቀኝ እጃቸው ገና እየተንቀረፈፈ ሳለ ትምህርቱን አቆሙ። መኪና መንዳትም ተምረው ነበር፤ ወደ ኋላ መሄድ የሚባለው ትምህርት ላይ ሲደርሱ፣ «ወደ ኋላ ሄጄ ምን ልሠራ?» ብለው ለአሠልጣኙ ቁልፉን መለሱላቸው። «ጅምር» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁላቸው በዚያን ጊዜ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ስሙ ከቤት ወደ ሠፈር፣ ከሠፈር ወደ ትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ዘልቆ፣ ከእውነተኛው ስማቸው ይልቅ እርሱ ጸንቶ ቀረ። እርሳቸውም አብረው ይስቁ ስለነበር የሚከፋቸው አልመሰለኝም፤ በዚህም ተሳስቻለሁ።

በሃያ አራት ዓመታቸው በፖስታ ቤት የጥቅል ዕቃ መስኮት ላይ ተቀጥረው ለሠላሳ ስድስት ዓመት አገለገሉ። ያ መስኮት ለመጽሐፍ እንኳ የማይበቃ መደርደሪያ፣ አንድ የብረት ሚዛንና አንድ ረጅም ወረፋ የነበረው ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ እኅቴ ግን በዚያ ውስጥ እንደ ሊቅ ይፈሩ ነበር፤ ዕቃውን በእጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው የሚናገሩት ክብደትና ሚዛኑ የሚናገረው ከሁለት ግራም በላይ ተለያይቶ አያውቅም። ሳይቆጥሩ አይፈርሙም፤ ሳይመዝኑ አይቀበሉም። ጡረታ የወጡ ዕለት፣ «ይኸው አንድ ነገር ጨረስሽ» ብላቸው፣ «እኔ መቼ ጨረስኩት? ጡረታው ነው እንጂ የጨረሰኝ» ብለው አሳፈሩኝ።

ከባለቤታቸው ከሰዓት አዳሹ ጋር የተዋወቁትም በዚያው መስኮት ነው። ሰዓት አዳሹ በየሳምንቱ አንዲት ትንሽ ሣጥን ይዘው ይመጡና ይልኩ ነበር፤ ኋላ እንደተደረሰበት ሣጥኗን የሚልኩት ለራሳቸው ሲሆን፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጥተው ይረከቡና መልሰው ይልኳታል። አንድ ቀን እኅቴ ሣጥኗን በእጃቸው እንደያዙ፣ «ከባለፈው ሳምንት አምስት ግራም ቀንሷል፤ ምን አውጥተው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰውየውም ፊታቸው በላብ ተጠምቆ፣ ጽፈው ጽፈው ለመስጠት ድፍረት ያጡትን ደብዳቤ እንዳወጡ ወረፋው ሁሉ እየሰማ ተናዘዙ። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ እርሷ ዛሬ ነርስ ናት፣ እርሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እኅቴ ለባለቤታቸው ሹራብ ጀምረው አንድ እጅጌ ላይ አቁመውት ስለነበር፣ ሰዓት አዳሹ «ለሥራ ይመቸኛል» እያሉ ባለ አንድ እጅጌውን ሹራብ በየክረምቱ ይለብሱት ነበር። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ማስረጃ የምታውቁ ካላችሁ ከቀብሩ በኋላ ንገሩኝ።

ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው አንድ ወፍራም መጽሐፍ በስጦታ ሰጧቸው። ከሰዓት በኋላ ከሻይ ጋር የሚቀርቡ የመቶ አሥራ ስምንት ጣፋጮች አሠራር የተዘረዘረበት መጽሐፍ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ እኅቴ ከሻይ ጋር ያቀረቡት ነገር ቢኖር ከሱቅ የተገዛ ብስኩት ነው። እኔም መጽሐፉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ፣ «አምስተኛው ላይ ስትደርሺ ጥሪኝ፤ ስድስተኛው እንደማይኖር አውቃለሁ» አልኩ። ለቀልድ ነበር። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ስማኝ» አሉኝ፣ «አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ስትጠራኝ ዝም ያልኩህ ሳይከፋኝ ቀርቶ አይደለም። ይህን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሠራዋለሁ። የጨረስኩ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ቆመህ ስሙን ትሽርልኛለህ። ካልጨረስኩ የመቃብሬ ድንጋይ ላይ አስጽፈው።» እኔም እሺ አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ ሐሙስ ከቀኑ በአሥር ሰዓት አንድ ጣፋጭ ይቀርባል፤ ቅደም ተከተሉ አይዘለልም፤ የተበላሸው በሚቀጥለው ሐሙስ እስኪስተካከል ድረስ ይደገማል፤ የተስተካከለው ግን የቱንም ያህል ቢጣፍጥ መጽሐፉ ሳያልቅ ሁለተኛ አይሠራም። እኔ በማተሚያ ቤት አራሚነት ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ዳኝነቱ ተሰጠኝ፤ እንደ ሥራችን ልማድ እንከን ላለበት «ይታረም»፣ እንከን ለሌለው «ይታተም» ብዬ በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ በእርሳስ እንድጽፍ ተወሰነ። ጎረቤታቸው ጡረተኛዋ መምህርትም መጀመሪያ ላይ አብረውኝ ዳኛ ነበሩ፤ ነገር ግን ለተቃጠለውም ለጥሬውም «እጅሽ ይባረክ» ስላሉ ከዳኝነት ተነሥተው ወደ በላተኛነት ተዛወሩ።

የመጀመሪያው የቅቤ ብስኩት ሲሆን፣ ሰዓት አዳሹ በጥርሳቸው ሞክረው ሲያቅታቸው በሥራ መነጽራቸው አገላብጠው መረመሩትና «ውኃ አያስገባም» አሉ። በአራተኛው ሐሙስ ተስተካከለ። ኦቨኑ በግራ በኩል የሚያቃጥል፣ በቀኝ በኩል ለብ ብቻ የሚያደርግ፣ በሩም ወንበር ካልተደገፈበት የማይዘጋ ስለነበር፣ ሰዓት አዳሹ ሦስት ሰዓቶች ጠረጴዛው ላይ ደርድረው አንዱን ለመጋገሪያው፣ አንዱን ትሪውን ለማዞሪያው፣ አንዱን ደግሞ ለሻዩ መድበው ይጠብቁ ነበር። እኅቴም እንደ ጥቅል ዕቃ ዘመናቸው ሁሉንም ይመዝናሉ፤ መጽሐፉ «ሦስት እንቁላል» ሲል «የምን ያህል እንቁላል?» ብለው ይቆጣሉ፤ መምህርቷ ያበደሩዋቸውን አንድ እንቁላል ክብደቱ አልሞላም ብለው እንደመለሱላቸውም መምህርቷ እዚህ ቆመው ምስክር ናቸው። ስድስተኛው ሲወጣ በሩን ከፍተው፣ «ስድስተኛው እንደሌለ የነገርከኝ አንተ ነህ?» ብለው ሞቅ ያለውን የሎሚ ኬክ በእጄ ላይ አስቀመጡልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መሳሳቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን የምነግራችሁ የእኔን ጥፋት ነው። አርባ ሦስተኛው የለውዝ ብስኩት ነበር። የሚያስፈልጉት ነገሮች በአንደኛው ገጽ ተዘርዝረዋል፤ ገጹን ሲገልጡ የሚነበበው አሠራር ግን ሊጡን በትሪ ላይ ስስ አድርጎ ማፍሰስ፣ ጋግሮ ማርማላታ መቀባትና በፎጣ መጠቅለል እንደሚያስፈልግ ይናገራል። እኅቴ ዝርዝሩን ደግመው አነበቡና «ማርማላታ የሚባል እዚህ የለም» አሉ። እኔም በአራሚነቴ ኮርቼ፣ ይህ የማተሚያ ቤት ግድፈት መሆኑን አስረድቼ፣ «ማርማላታ ከዝርዝሩ ተዘልሏል» ብዬ በኅዳጉ ላይ ጻፍኩበት። እንደተባለው ተሠራ፤ ሊጡ አልፈስ ብሎ በመዳመጫ ተዳመጠ፤ ሲጠቀለልም ብትንትኑ ወጣ። ነገር ግን ስብርባሪው ከማርማላታው ጋር እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር! ትሪውን በጣታችን ጠረግነው። «ስባሪው» የሚል ስም አወጣንለት፤ እኔም «ይታተም» ብዬ ፈረምኩ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ አርባ አምስተኛው ተጋገረ። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አርባ አራተኛው የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም።

ሰባ አንደኛው በወጣ በሦስተኛው ቀን ሰዓት አዳሹ በእንቅልፋቸው እንዳሉ ዐረፉ። እኅቴ መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉበት። ስምንት ወር ሙሉ ኦቨኑ አልሞቀም። እዚህ ላይ ደግ መስዬ እንድታይ ብፈልግ የምዘለው ነገር ነበረ፤ በሆዴ «አላልኩም?» ያልኩበት ቅጽበት ነበር፤ ወዲያው በራሴ አፈርኩ። በማግስቱ ሐሙስ ስለነበር በአሥር ሰዓት ሄጄ፣ ሳልጠራ ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጬ፣ እርሳሴን አወጣሁ።

«ምን ፈለግህ?» አሉኝ።

«ሰባ ሁለተኛውን።»

«አንተ ልብ የሚባል አልፈጠረብህም።»

«አልፈጠረብኝም፤ ግን ርቦኛል።»

አለቀሱ፤ ከዚያም ተነሥተው ሽርጣቸውን አሰሩ። ሦስቱን ሰዓቶች ከመሳቢያ አውጥተው ራሳቸው ሞሏቸው፤ ልርዳሽ ብል እጄን መቱኝ። የዚያን ቀን ሻይ የጠጣነው ከምሽቱ በአንድ ሰዓት ነው፤ ሰባ ሁለተኛውም ከመሐሉ ጥሬ ነበር። «ይታረም» ብዬ ስጽፍ እኅቴ ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ማን ያቆማቸዋል? ዘጠና ሦስተኛው፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚነባበረው ሊጥ፣ አሥራ አንድ ሐሙስ ፈጀባቸው፤ ወንድ ልጃቸው በዚያ ሰሞን አውቶቡሱን ባስቆመበት ሁሉ ለሥራ ባልደረቦቹ ያልተነባበረ ንብርብር ያድል ነበር። እንዲህ እያሉ መቶ አሥራ ስምንተኛው ላይ፣ ጎድጓዳ ሊጥ ውስጥ ብርቱካን የሚሞላበት ታርት ላይ ደረሱ። ቤቱ በሰው ሞላ። እኔም ስሙን የምሽርበትን ንግግር በሁለት ገጽ ጽፌ በኪሴ ይዤ፣ ታርቱን ቀምሼ «ይታተም» ብዬ ፈርሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ቆምኩ። እኅቴ ግን፣ «ቆይ፣ ሳልቆጥር አልፈርምም» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ፊርማዎቼን አንድ በአንድ ቆጠሩ። «ቁጭ በል» አሉኝ፤ «መቶ አሥራ ሰባት ነው። አንድ ይጎድላል።»

መጽሐፉን ሲመረምሩት አርባ ሁለተኛውን ሲሠሩ የፈሰሰ ማርማላታ ሁለት ገጾችን አጣብቋቸው ተገኘ። በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ሲያላቅቋቸው፣ በአንደኛው ገጽ የለውዝ ብስኩቱ እውነተኛ አሠራር፣ በሌላኛው ደግሞ የአርባ አራተኛው፣ በማርማላታ የሚጠቀለለው ስስ ኬክ ዝርዝር ወጣ። የአንዱን ዕቃ በሌላው አሠራር ጋግረን፣ በልተን፣ እኔም ፈርሜበታለሁ ማለት ነው። እኅቴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት አራሚ! ከአርባ ሦስት ቀጥሎ አርባ አምስት ሲመጣ ዐይንህ የት ነበር?» እያሉ፣ የጻፍኩትን የማርማላታ ማስታወሻ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያም ፊርማዬን በላጲስ አጠፉትና፣ «ስባሪው አይቆጠርም፤ ሁለት ቀረኝ» አሉ። ንግግሬን አጣጥፌ ወደ ኪሴ መለስኩ።

በዚያው ወር ልባቸው ደከመ። ሐኪሞቹ ዕረፍት አዘዙ፤ ነርሷ ልጃቸውም ቆመው እንዳይሠሩ ከለከለቻቸው። «ተቀምጬ እሠራለኋ!» አሏት። የለውዝ ብስኩቱን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጎድጓዳ ሳሕኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በሦስተኛው ሐሙስ አስተካከሉት፤ ከስባሪው ባይበልጥም እንከን አልነበረውም፣ ፈረምኩ። አንድ ቀረ።

ባለፈው ሐሙስ አርባ አራተኛው ተጋገረ። እጁ የልጃቸው፣ ዐይኑና ሚዛኑ የእርሳቸው ነበር። ኬኩ ከኦቨን ሲወጣ እኅቴ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ልጃቸው ሁሉን ትታ ወደ እርሳቸው ሮጠች፤ መድኃኒቱን ወስደው እስኪረጋጉ ድረስ ኬኩ ቀዘቀዘ። ሲጠቀለልም ከጎኑ ተሰነጠቀ። እኔ አንድ ቁራሽ ጎርሼ፣ ሳላላምጥ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳላይ «ይታተም» ብዬ ጻፍኩ። እኅቴ እጃቸውን ዘረጉ። «መጽሐፉን አምጣ» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ኬኩን በጎኑ አዩት፤ ትንሽ ቆርሰው ቀመሱት፤ ከዚያም እርሳሱን ከእጄ ወስደው ፊርማዬን ሰረዙና «ይታረም፤ ትኩስ እያለ ይጠቅለል» ብለው በራሳቸው እጅ ጻፉ። «አዝነህልኝ ነው አይደል? እኔን በምሕረት ልታስጨርሰኝ! ለሚቀጥለው ሐሙስ እርሳስህን ቅረጽና ና» አሉኝ። ከትናንት በስቲያ ሰኞ ጠዋት፣ ልጃቸው ሻይ አፍልታ ስትመለስ፣ ዐርፈው አገኘቻቸው።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ መጽሐፉንና እርሳሱን ይዤ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ተቀመጥኩ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚለወጠው። ብለውጠው ማንም አያውቅብኝም፤ ዛሬም በፊታችሁ ቆሜ «እኅቴ መጽሐፋቸውን ጨርሰው ሄዱ» ብዬ ባነብ ሁላችሁም ደስ ይላችሁ ነበር። አልለወጥኩትም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ፤ እርሳቸው ያረሙትን ግን አልነካም። እኅቴ አልጨረሱም።

ውላችን «የጨረስኩ ቀን» ስለሚል እንደ ውሉ ከሆነ ስሙ ሊጸና ነው። ነገር ግን በኩሽናው መደርደሪያ ላይ በአንድ ሳሕን አራት እንቁላሎች ተቀምጠው አገኘሁ፤ ከሥራቸው የየአንዳንዳቸው ክብደት የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ ከላዩም «ለሐሙስ» ይላል። እሑድ ዕለት ከአልጋቸው ተነሥተው መዝነዋቸዋል። ወንበሩን የተዉት ሰልችቷቸው ነው፤ የጽሕፈት መኪናውንም፣ መኪናውንም፣ ሹራቡንም ሰልችቷቸው ነው የተዉት። ይህን ግን አልተዉትም፤ ከእጃቸው ላይ ተወሰደባቸው እንጂ። እንግዲህ እኅቴ ይስሙኝ፤ ሰው በተሰበሰበበት ቆሜያለሁ፤ ስሙን ሽሬዋለሁ። ለኀዘኔ ብዬ አይደለም፤ ሐሰት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው ቢኖር ከእኔ ጋር ይጣላል። በዚህ ጉዳይ ልከራከርህ ቢሉኝም ለመጀመሪያ ጊዜ የመጨረሻው ቃል የእኔ ሆኗል፤ ባይሆንልኝ እመርጥ ነበር።

እኅቴ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ ለሁሉ ነገር «እጅሽ ይባረክ» የሚሉ አንዲት ጎረቤትና አንድ አፉ የማያርፍ ወንድም ትተው በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ነገ ሐሙስ ነው። ልጃቸው በእነዚያው እንቁላሎች አርባ አራተኛውን ትሠራለች፤ እኔም እርሳሴን ቀርጬአለሁ፣ አልራራላትም፤ የምትችሉ ሁሉ ኑ። ፈጣሪ የእኅቴን ነፍስ ከባለቤታቸው ነፍስ ጋር በሰላም ያሳርፍልን፤ ለእኛም ነገ በአሥር ሰዓት እጃችንን ያቅናልን። አሜን።